«አድማሴ በሕይወት አለ» ያሉት አቶ ውድነህ በላቸው

አቶ ውድነህ በላቸው ከአባታቸው ከአቶ በላቸው ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንኳየሁ ዘለቀ ጥቅምት 12 ቀን 1915 ዓ.ም. በእንፍራንዝ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ለቅሶ ከወንዝ ማዶ ተሰማ እያሉ እናታቸው ይቀልዱባቸው ነበር። ድምፃቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ሊቀጥሉ ሲሉ ጠላት አገር ወረረና ትምህርቱ በዚያው ቀረ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አዋጅ ነጋሪ ሆኑ። ገበያ መሀል ቆመው ሲናገሩ በቅሎ ይደነብር ነበር፤ በቅሎው የጣለው ሰውም ዛሬ እዚህ መካከላችን አለ። በ1946 ዓ.ም. አቶ ዳኛው የተባሉ ነጋዴ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን መጋዘን ተከራይተው የትግል ትርኢት ቤት ሲከፍቱ፣ አቶ ውድነህን በአስተዋዋቂነት ቀጠሯቸው። የቆርቆሮ ጡሩምባ ይዘው ታጋዮቹን ያወድሳሉ፣ ሕዝቡን ያሟሙቃሉ። ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷልና አሁን ቢነገር ማንንም አይጎዳም፤ እሑድ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ዓርብ ነበር።

ከታጋዮቹ አንዱ የማክሰኝቱ አድማሴ ነው። አድማሴ ማለት የሟች ባለቤት ወንድም፣ ይህንንም ጽፎ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነብበው ሰው ነው። ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ አንገቱ የወይፈን፣ አእምሮውም ከወይፈን ብዙ የማይሻል ነበር።

እሑድ ጥር 25 ቀን 1950 ዓ.ም. እንዲወድቅ የተወሰነው ተጋጣሚው ነበር። የወደቀው ግን አድማሴ ነው። እግሩ ተንሸራተተና በማጅራቱ ከጣውላው ጋር ተላተመ፤ አልተነሣም። ሕዝቡ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ፣ ሳቀ። አቶ ውድነህ ግን የዓርቡን ውሳኔ ስለሚያውቁ አንድ ነገር እንደ ደረሰ ወዲያው ገብቷቸዋል። ገብቷቸው ሳለ ጡሩምባቸውን አንሥተው፣ «አድማሴን እንቅልፍ ወሰደው! ለሚመጣው እሑድ ይነቃል፤ ትኬታችሁን ግዙ!» አሉ። በሉ ያሏቸው አቶ ዳኛው ናቸው። «አፉ ግን የእኔ ነበር» እያሉ አቶ ውድነህ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ ተናግረዋልና እኛም አንደብቅላቸውም።

ቁስለኛ የሚያክመው ድሬሰር አቶ ወልደ ገብርኤል ተጠርቶ መጣ። አድማሴ ሦስት ሰዓት ሙሉ ራሱን ስቶ ነበር፤ ሲነቃም ሁለት ጊዜ አስታወከ። ድሬሰሩ በአዳራሹ ጓዳ ፍራሽ አስነጥፎ አስተኛውና፣ «አሥራ አምስት ቀን ከዚህ እንዳይነሣ። ሌላ ምት ካገኘው መቃብር አስቆፍሩ» አለ።

አቶ ዳኛው ወሬው ቀድሞ እንዳይደርስ ሦስት ሽማግሌዎች በጭነት ማኪና ወደ ማክሰኝት ሰደዱ። «ትንሽ አሞታል፤ አትስጉ በሏቸው» ብለው አዘዙ። እንግዲህ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስት ሽማግሌ ጎሕ ሲቀድ ጋቢ ተከናንቦ ደጅ ከቆመ መርዶ ነው። ሰዎቹስ የተከናነቡት ብርዱ ጸንቶባቸው ነበር። የአድማሴ እናት ወይዘሮ እማዋይሽ በሩን ከፍተው አዩዋቸው፤ «ትንሽ አሞት...» ሲሏቸው ጩኸታቸውን ለቀቁት። ትንሽ አሞታል ተብሎለት በሕይወት የተገኘ ማን አለ? «ኧረ አልሞተም!» ቢሉ ሊያረጋጉን ነው ተባለ እንጂ የሰማቸው የለም። ረፋዱ ላይ ድንኳን ተተከለ። ያን ዕለት የተወረደለትን ሙሾ አድማሴ ኋላ ሰምቶታል፤ ከሚገባው በላይ ተሞግሷል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ማኪና ሙሉ ለቀስተኛ፣ ትላንት ትርኢቱን ካየው የከተማ ሰው ጋር፣ የአዳራሹን ደጅ ሞላው። ከፊት የአድማሴ አጎት አያ ስማቸው ጠመንጃቸውን ይዘው፣ «ሬሳችንን ስጡን!» ይላሉ። ድንጋይ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ መውረድ ጀመረ።

ጓዳ ውስጥ አቶ ዳኛው ላብ አጥምቋቸው፣ «አንሡትና መድረክ ላይ አውጡት! አንድ ዙር ይታገልና ዐይተው ይሂዱልን» አሉ። ያ ሞኝ አድማሴም፣ «እችላለሁ፣ አንሡኝ» አለ። የሚያነሣውን እጅ ግን ሁለት ሁለት አድርጎ ነበር የሚያየው። ወልደ ገብርኤል በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። አቶ ውድነህ ሦስቱንም በየተራ ዐዩ። ከዚያ ጡሩምባቸውን አንሥተው ወጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«አድማሴ በሕይወት አለ!» አሉ። «ትላንት ዋሽቻችኋለሁ። እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ማጅራቱን ተመትቶ ሦስት ሰዓት ራሱን ስቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አስታውኳል። አሁን ይናገራል፤ ዓይኑ ግን ገና አልጠራም። ቢነሣ ይሞታልና አላስነሣላችሁም። ከእንግዲህ አይታገልም።»

«ምነው፣ ትላንት የዋሸን ይኸው አፍ አይደለም ወይ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። እውነቱን ነበር። አቶ ውድነህ ጡሩምባቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ደረጃውን ወርደው ከአያ ስማቸው እግር አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«አያ ስማቸው፣ እናቱና እኅቱ ብቻ ይግቡ። ዋሽቼ ከሆነ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉ።

ሁለቱ ሴቶች ገቡ። ቆዩ። ድንገት ከውስጥ የእናትየው ጩኸት ተሰማ፣ ከጩኸቱም በኋላ ጸጥ አለ። አያ ስማቸው ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ልጃቸው «እማ» ብሎ ሲጠራቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ጮኸው ራሳቸውን እንደ ሳቱ በውጭ ያለው ሰው በምን ይወቅ? አቶ ውድነህ አልፈሩም ብንል ውሸት ነው። ሊሮጡ ይችሉ ነበር፤ ግን አልተነሡም።

በሩ ተከፈተ። ስታለቅስ ውላ ድምፅዋ የተዘጋው እኅትየው ካሰች ደረጃው ላይ ቆማ፣ በዚያው በሻከረ ጉሮሮዋ ሦስት ጊዜ እልል አለች።

አቶ ዳኛው አቶ ውድነህን በዚያው ቀን አባረሯቸው። አቶ ውድነህ በ1951 ዓ.ም. ወይዘሮ ካሰችን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ። እንጀራ የወጣላቸው መናኸሪያ ውስጥ የማክሰኝትና የእንፍራንዝ መንገደኛ በመጥራት ነው። አድማሴ ግን ምስጋና ቢስ ሆነ። «እንጀራዬን በጡሩምባ አጠፋብኝ» ብሎ ሁለት ዓመት ሰላም አላላቸውም፤ በሰርጋቸውም ቀን አልበላም። ኋላ ያ የድሮ ተጋጣሚው በዚያው አዳራሽ እንደሱ ተመታ። እሱን ግን አንሥተው አታገሉት። ዛሬ በምርኩዝ እየሄደ ስሙን ማስታወስ ይቸግረዋል። አድማሴ ይህን ካየ በኋላ መናኸሪያ ሄዶ በሰው ፊት የአቶ ውድነህን ጉልበት ሳመ። እርሳቸውም፣ «ተነሥ፤ ማኪናው ሊሄድብኝ ነው» አሉት።

አቶ ውድነህ በ1964 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመሙ። ያ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ልጆቹ ፈርተው ሐኪሙን እንዳይነግራቸው ለመኑት። አቶ ውድነህም ወረቀት አስመጥተው፣ «ትንሽ አሞሃል የሚለኝ ሰው አጠገቤ አይድረስ። አድማሴ ይንገረኝ» ብለው ጻፉ። አድማሴ እንደማይድኑ ነገራቸው። እጁን ጨበጡና፣ በዚያው ወረቀት ላይ ሲሞቱ ለማክሰኝት የሚላከውን መርዶ አዘዙ። ሽማግሌ እንዳይላክ፣ ጎሕ ሳይሆን በቀትር፣ አድማሴ ብቻውን፣ ከሰላምታ በፊት።

ኅዳር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ንጋት ላይ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ካሰችን፣ አምስት ልጆቻቸውንና ብዙ ወዳጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

አድማሴ በዚያው ቀን በቀትር ማክሰኝት ደረሰ። ወይዘሮ እማዋይሽ ልጃቸውን ብቻውን ሲያዩ ደስ ብሏቸው ምሳ ሊያቀርቡ ተነሡ።

«እማ፣ ውድነህ ሞቷል» አላቸው።

ቆመው ዐዩት። «እንዲህ አድርገህ ንገራት ያለህ እሱ ነው?» ብለው ጠየቁት። «አዎ» አላቸው። «እንግዲያ እውነት ነው» አሉና ተቀምጠው አለቀሱ።

በሐሰት ያልተሸነፈች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያኑርልን። ለወይዘሮ ካሰችና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።