ከእናታችን በር ዘጠኝ እርምጃ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እናታችን ብቻዋን እንድትሞት ያደረገው የሰፈራችን ሊቀመንበር ነው፤ ነጋ ጠባ «ሁለት እርምጃ ራቁ» ስለሚል ሰው ሁሉ «ሁለት እርምጃ» ብሎ የሚጠራው። ከሰላምታዬ በፊት ይህን እወቅልኝ። አሁን እንዴት ሰነበትክ? ወገብህንስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

ባለፈው «እትዬ፣ አንድ ግቢ መሻገር ነው ያቃተሽ?» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። መልሴን ይኸው ጻፍኩልህ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

በሽታው ከገባ ጀምሮ ሊቀመንበሩ የግቢያችን በር ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ከግቢው ሴቶች የማነብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከሥራ ስመለስ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። አንድ ቀን «ከታመመ ጋር የዋለ ሰው ዐሥራ አራት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ» ብዬ ሳነብ እናታችን ከደጃፏ «ተለየ የሚባለው የሞተ ሰው አይደለም እንዴ?» አለች። «እማዬ፣ ይሄ የሐኪም ቋንቋ ነው፤ አንቺ አይገባሽም» አልኳት። ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሆስፒታል አንሶላ አብራኝ የምታጥበው ሴት ታመመችና እኔም ቤቴ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን እናታችን ወደቀች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ውሃ ታቀብላት ነበር። እማዬ ግን እኔን ነው የምትጠራው። «ምን በደልኳት?» ስትል በመስኮቴ እሰማለሁ። ሊቀመንበሩ ዘንድ ደውዬ ደጃፏ ላይ ቆሜ ብቻ ልያት ብዬ ለመንኩት። «እናቴ፣ ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው» አለኝ። አመንኩት። በዘጠነኛው ቀን ድምፅዋ ጠፋ። አራት ሰው ተሸክሟት ሲወጣ በመስኮት ሸኘኋት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ልጁን ዳረ። ሚስቱ በዚያው በሽታ ተኝታለች፤ እሱም ተለይቶ መቀመጥ ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራዋን ቀሚስ ልታደርስ ሄዳ አየችው፤ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ በአዳራሽ የሞላውን እንግዳ እየሳመ ይቀበላል። «በሽታውም ሹም ይፈራል መሰለኝ፣ እትዬ» አለችኝ። መሳቅ አቃተኝ።

ዐሥራ አራት ቀኔን ጨርሼ ስወጣ ቢሮው ሄጄ ስለ ሠርጉ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የእኔ በልዩ ፈቃድ ነው» አለ። ቃሉን እስከ ቤቴ ይዤው መጣሁ። ለካ አንድ ቃል ነው፤ እኛ ተለየን፣ እሱ ልዩ ሆነ።

አንተን ግን አልዋሽህም። በሩ አልተቆለፈም ነበር። ከእኔ ደጃፍ እስከ እሷ ደጃፍ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ አሁን በየቀኑ እቆጥረዋለሁ። የያዘኝ ቁልፍ ሳይሆን በገዛ አፌ ያነበብኩት ወረቀት ነው። የተጻፈ ነገር አይዋሽም እል ነበር። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እኔም ራሴን ይቅር አላልኩም።

ባለቤትህን እህቴን ሳምልኝ። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው። ለትንሿ አያቷ እስከ መጨረሻው የእሷንም ስም ትጠራ እንደነበር ንገራት። የምጽፍልህ ከእማዬ ባዶ ቤት ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ነው፤ ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን።

ትናንት የግቢው በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠበቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳቸው። ከእንግዲህ የእሱን ወረቀት ለማንም አላነብም።