ስለ ተፋቀው ኮፈኔ፣ ለሰፈራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ ወንድሜ ሚርዞሂድ አካ፣
በኮካንድ ከተማ የቶላሪቅ ሰፈር ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎና ለደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም ትዕዛዝ ከላይ በወረደ ቁጥር ከሁሉም ቀድሞ ለሚነሳው ቀኝ እጅዎ ሙሉ ደህንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በብርዱ ወራት ባሏን የቀበረችው፣ ውኃ ሰማያዊ መኪና ያላት ጎረቤትዎ ዙልሁሞር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሻይ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው ውለታዎ በሁለታችን መካከል ብቻ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው፤ ከእጀታው ላይ በክር ያሰርኩት ስለሆነ የበሩ ቀለም አይጎዳም።

1ኛ. አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በሰፈራችን ሊያልፉ ነው በተባለ ጊዜ፣ «አርአያ ቤተሰብ» የሚል እንደ ትሪ የሰፋ ስቲከር በየመኪናችን ኮፈን ላይ ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። እባክዎ መስታወቱ ላይ ይሁንልኝ ብዬ ብለምንዎት፣ «ኦፓ፣ እህቴ፣ መስታወት ላይማ ማን ያየዋል? ደግሞ አርአያ መሆን ምን ያሳፍራል!» ብለው አጽናንተውኛል። ባለሥልጣኑ በዋናው መንገድ፣ መጋረጃቸውን ጋርደው አለፉ። አርአያነታችንን ያዩልን ሐብሐብ ሻጩና የእርስዎ ውሻ ብቻ ናቸው፤ ለሁለቱም ምስጋናዬ ይድረስ።

2ኛ. ስቲከሩ አናት በሚበሳ ፀሐይ ሳምንት ሙሉ ተጠብሶ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ከተጋባ በኋላ፣ መኪና ላይ ስቲከር መለጠፍ ክልክል ነው የሚል ሌላ ኮሚቴ ሊመጣ መሆኑን እንደሰሙ ያሳዩት ፍጥነት የሚደነቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርስዎ ግን ያፈሰሱትን እንኳ ለመልቀም ጊዜ አላጠፉም። ረዳትዎን ቶልቂንን ቢላ አስይዘው በየግቢው ላኩት። እኔ ለልጄ ሠርግ ዕቃ ልገዛ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ቶልቂን ላቡን እየጠረገ፣ «ኦፓ፣ በጣም ነበር የያዘው፤ ግን እኔም አልለቀቅኩትም!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስከ ብረቱ ድረስ አልለቀቀውም።

3ኛ. ይህኛው ትንሽ የግል ጉዳይ ነውና ይታገሡኝ። ባለቤቴ ኤርጋሽ ያችን መኪና ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀለም ሌላ ጠብታ ሳያስነካ ነው የኖረው። በአገራችን ዳግም ቀለም የተቀባች መኪና ስሟ በክፉ እንደሚነሳ ያውቃሉ፤ እርስዎ ራስዎ በመኪና ገበያ የቀለም መለኪያውን ይዘው የስንቱን መኪና ሲያሙ አይቻለሁ። ኤርጋሽ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ በመስኮት እያያት፣ «ኦይዲንን ከዚህ ቤት የማወጣት በዚህች ነው» ይል ነበር። አልደረሰም። ልጃችን ኦይዲን የፊታችን እሑድ ታገባለች፤ ከአባቷ በኩል የሚሸኛት ይህች መኪና ብቻ ናት። ኮፈኑን ሳይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ይህን የምጽፈው ላሳፍርዎት ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መቼም አለማወቅ ኃጢአት አይደለም። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላልና፣ ለወደፊቱ ይጠቅምዎ ዘንድ ኤርጋሽ ስቲከር ያነሳበት የነበረውን መንገድ በትሕትና ላስረዳ። መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ ኮፈኑ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ አቧራው ራሱ ቀለም ይጭራልና አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ያጥባል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ያለብሰዋል፤ ሙጫው ሲለሰልስ ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ዝቅ አድርጎ፣ ቁስል እንደሚፈታ ሰው ቀስ እያለ ይልጠዋል። የቀረውን ሙጫ የሩዝ ፒላፍ በምንሠራበት በዚያው በጥጥ ፍሬ ዘይት በራሰ ጨርቅ ሸፍኖ፣ አንድ ስኒ አረንጓዴ ሻይ እስኪጠጣ ይተወዋል። ሲመለስ ሙጫው በጣት ጫፍ እየተጠቀለለ ይነሳል። ካልተነሳም ሌላ ስኒ ይጠጣል እንጂ ቢላ አያነሳም፤ ቤንዚንም አሴቶንም አያስጠጋም። በመጨረሻ ዘይቱን በሳሙና አጥቦ ሰም ይቀባዋል። ይኸው ነው። ሥልጣን አይጠይቅም።

4ኛ. እሑድ ሙሽራይቱ ስትወጣ እንደ ደንባችን መኪናዋ ፊት ቆመው፣ መዳፍዎን ዘርግተው የሚመርቁን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ሌላ ሰው አልጠራሁም። ኮፈኑን በአበባ እንሸፍነው ያሉኝ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። ቶልቂን ፊደሎቹን ተከትሎ ስለፋቀ «አርአያ» የሚለው ቃል እስከ ብረቱ ተቀርጾ በደንብ ይነበባል። በሚመርቁበት ጊዜ ዓይንዎን የሚያሳርፉበት ቦታ አያጡም።

ዕድሜ ከጤና፣ ሥልጣን ከችኮላ አብዝቶ የሰጠዎት አምላክ ጥቂት እፍረትም እንዲጨምርልዎ ጠዋትና ማታ የምትለምነው፣ አርአያነቷ በኮፈኗ ላይ የተመሰከረላት ጎረቤትዎ፣

ዙልሁሞር፣ የኤርጋሽ ሚስት

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። ቶልቂን ቢላውን ይዞ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ምሽት ባለቤትዎ ሳህን ሙሉ የጥጥ ዘይት ተበድረውኝ፣ «ኦፓ፣ ሚርዞሂድ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው፤ ቀለሙ ሳይነካ ሙጫ እንዴት ይለቃል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ከላይ የጻፍኩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። በማግሥቱ የእርስዎ ጥቁር መኪና እንደ መስታወት ስታበራ አየኋት፤ እንኳን ደስ አለዎት። ሳህኑ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም። የጎረቤት ሳህን ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ተቸግረው እንደሆነ አይጨነቁ፦ ቶልቂን ከግቢዬ ጠርጎ የወሰደውን የቀለም ፍቅፋቂ ጨምረው ይላኩልኝ። ውኃ ሰማያዊ ነው፤ አይጠፋዎትም።