ፋኖሱ ላይ የተገጠመው አምፖል

ደራ፣ ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ አስፋው፣ የሰው አገር ሰው ይውደድህ፣ የኪየቭ ብርድም ይራራልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትህን ጉልበት ቀለል ብሎታል፤ ስንዴውም ተሰብስቧል።

መሠረተ ትምህርት የምንማረው ማታ ነው። የቀበሌው ፋኖስ ስለሚደበዝዝ «ለ» እና «ሰ» ይምታቱብኝ ነበር። ዓይኔ እንቢ አለኝ ብዬ ልተወው ስል የወፍጮ ቤቱ መካኒክ ጃራ፣ «እማማ አሰለፈች፣ ጥፋቱ የመብራቱ እንጂ የዓይንዎ አይደለም» አለኝ። የፋኖሱን ክር አውጥቶ የመኪና አምፖል ገጠመበት፤ ከኋላው የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ለጠፈና ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኘው። የመጀመሪያው አምፖል ወዲያው ተቃጠለ፤ ሁለተኛው ግን ክፍሉን ቀን አስመሰለው። ባትሪው ሲደክም ወፍጮ ቤት ወስዶ ይሞላዋል።

እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ ዘውድነሽ ስለነበረች፣ በሰው አፍ የማይነገረውን አስቀርቼብህ ነበር። ይህን ራሴ ጻፍኩት፤ ሰባት ምሽት ፈጀብኝ። ስለዚህ ልንገርህ፤ የሄድክ ቀን ያላለቀስኩት ሆድህ እንዳይባባ ብዬ ነው እንጂ ጨክኜ አይደለም።

ስትጽፍልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርገው፤ የማነበው እኔ ነኝ። በወጣህበት በር በሰላም ያስገባህ።

እናትህ አሰለፈች