ፀሐይ ላይ የዋለው ሸክላ

ሰኔ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.
ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሱቅ ውስጥ የሰው ቴፕ ስጠግን ዋልኩ። ማታ ቤት ገብቼ አንዱን የሙዚቃ ሸክላ ስከፍት እህቴ ናጅዋ ልጇን መሪያምን አዝላ ጎረቤት ሄደች። የሄቪ ሜታሉ ጩኸት ሲጀምር ሁሌም እንዲሁ ናት። "የጂኒ ሠርግ" ትለዋለች። ትበል... ሌላው ዘፈን ሁሉ ያባብላል። መባበል አልፈልግም። እንደኔ የሚናደድ ነው የምፈልገው።

ሰኔ 6
ሹፌሩ ጋሼ አስፋው ከአሰብ ተመለሱ። ከባድ መኪናቸውን ጀውሃ አቁመው ምሳ ሲበሉ ደረስኩባቸው። ሸክላውን ከአንድ መርከበኛ አግኝተውልኛል! በአሮጌ መጽሔት ላይ ካየሁት ጀምሮ ስለምናቸው የኖርኩት። የሙዚቃ ኩባንያ እምቢ ሲላቸው የባንዱ ልጆች በራሳቸው ገንዘብ ያሳተሙት፣ ሽፋኑን ራሳቸው የሳሉት። ጥቂት ታትሞ አለቀ፤ ሁለተኛ የለም።
"አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው እንዲህ ያላበህ?" አሉኝ።
ባገኘሁት መኪና ተሳፍሬ ቤት ገባሁ። መብራት የለም። ዛሬን ቀን ጠብቆ!

ሰኔ 8
መብራት የለም።

ሰኔ 9
ወባ ረጪዎች ነገ እኛ ሰፈር ናቸው። የቤት ዕቃ ሁሉ ውጭ ይወጣል። የኔን ክፍል ቆልፌ እሄዳለሁ አልኳት ናጅዋን።
"ሸሪፍን ምን እንደገደለው ረሳኸው?" አለች።
ባሏን ወባ ነው የወሰደው፣ አምና። ምን ይባላል? ቁልፉን ሰጠኋት። "መድኃኒቱ ሸክላዎቼን እንዳይነካ" ብቻ አልኩ።

ሰኔ 10
ጨረሰችኝ።
ከሱቅ ስመለስ የሸክላዎቼ ሳጥን ግቢው መሃል ተቀምጧል። ጥቁር ላስቲክ ለብሶ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበት። ልክ ማሽላ ከዝናብ እንደሚሸፈነው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ! ዱቄቱ ዛፍ ሥር፣ ፍራሹ ዛፍ ሥር... የኔ ብቻ ሜዳ ላይ።
"ዛፉ ለቤቱ ቅርብ ነው፤ መድኃኒቱ እንዳይደርስበት ብዬ ነው። ያለንን አንድ ላስቲክ ላንተ አለበስኩት" አለች።
ሌሎቹ ትንሽ ተንጋደዋል። አዲሱ ግን የወጥ ሳህን ሆኗል። አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማው! እኔ ጠላት ቢኖረኝ እንዲህ አያደርገኝም።

ሰኔ 11
አላናገርኳትም። እራቴንም አልበላሁ።

ሰኔ 12
"ወላሂ መቅለጡን አላወቅኩም" አለች።
"ድስት መሰለሽ?"
"ድስትማ አይቀልጥም" አለች ቀስ ብላ። መሪያም ሳቀች። ይባስ በገንኩ። በሩን በላያቸው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ሰኔ 15
አዲሱ ሸክላ ከሳጥኑ ውስጥ የለም። ስጠይቃት "ቆይ" ብቻ። ጥላው ይሆን? ከእንግዲህ ቆሻሻ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የኔ ቆሻሻ ነው! ማን ንኪ አላት? ጣርማ በር ብርዱ ላይ ብኖር ይሄ ሁሉ ባልደረሰብኝ። ይሄ አገር የነካውን ሁሉ ያቀልጣል።

ሰኔ 17
መብራት መጣ። ናጅዋ ሸክላውን ይዛ ገባች። ዳር ዳሩ ትንሽ ቢወጣም ተዘርግቷል። በሁለት መስታወት መሃል አድርጋ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ ጓሮ ፀሐይ ላይ ስታውለው ሰንብታ ኖሯል።
"ያጣመመው ፀሐይ ያቃናው ብዬ" አለች።
እንዲህ ያለ ትልቅ መስታወት ከየት አመጣች? ቀና ስል አየሁት። ግድግዳው ላይ የሸሪፍ ፎቶ ያለ መስታወት ቀርቷል። አጠገቡ ያለው የሠርጋቸውም። በሸሪፍ ግንባር ላይ ዝንብ አርፏል። ንዴቴ አልበረደም። ማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።
ዝንቡን አባረርኩና ሸክላውን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን መርፌውን ሲያዘልል አለቀ። ሁለተኛው ሄደ። ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ናጅዋ አልወጣችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች።
"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?"
"ተናዶ ነው።"
"በምን?"
"እንጃ... ቋንቋውን መች አውቀዋለሁ።"
ዓይኗ የሸሪፍ ፎቶ ላይ ነው።
"ድምፁን ጨምርለት" አለች።