ደቀ መዝሙር ማለት ዘማሪ መስሎኝ

ይድረስ ለእትዬ፣ እህትም እናትም ለሆንሽኝ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው ወይ? ልጆቹስ አንቺን ከማስጮህ አረፉ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የካውያው እንፋሎት ፊቴን ቢያጠቁረውም ሆዴን አላጎደለብኝም።

ስትሸኚኝ «ደቀ መዝሙር ሁን» ብለሽ መርቀሽኝ አልነበር? እዚህ ቤተ ክርስቲያን የደቀ መዝሙርነት ትምህርት ሊጀመር ነው ሲባል መዝሙር የሚጠና መስሎኝ፣ ይህን የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፄን በማር ውሃ አለስልሼ ሄድኩልሽ። መምህሩ ጥያቄ ያለው ሲሉ «መቼ ነው የምንዘምረው?» አልኳቸው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን ሳይስቁ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ተማሪ ነው፣ ጌታው የሄደበትን መንገድ የሚሄድ፣ ባይወደውም እንኳ አሉኝ። መዝሙሩ ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ።

በዚያው ሳምንት ላውንድሪያችን ውስጥ ነገር ተፈጠረ። ሥራ ያስገባኝና ክፍሉን ያካፈለኝ ያገራችን ልጅ ሳቂታው፣ ስልክ እያወራ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ በካውያ አቃጠለ። ደንግጦ ቀሚሱን በአጣቢዋ ቅርጫት ውስጥ ከተተው። እሷም አንዳንዴ በመተኮስ ስለምታግዘን የላውንድሪው ባለቤት ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ ብሎ አባረራት። ሽርጧን ፈትታ እያለቀሰች ወጣች። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሳቂታውን ለብቻው ይዤ ብለምነው «አንተን ማን ጠየቀህ? በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። ያጎረሰኝን እጅ እንዴት ልንከስ? ጨነቀኝ። መስቀል ተሸከም ሲባል መከራው ከጠላት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ወዳጅን ማስቀየም ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅ። በመጨረሻ፣ አንተው ተናገር፣ አጠገብህ እቆማለሁ፤ እምቢ ካልክ ግን እኔ እናገራለሁ አልኩት። እምቢ አለ። ተናገርኩ።

አጣቢዋ ተመልሳለች። ሳቂታውን ባለቤቱ ከካውያው አንስቶ ልብስ አመላላሽ አደረገው። ከክፍሌ ውጣ አላለኝም፤ ግን አያናግረኝም። ጠዋት ሻይ ለሁለት አፈላለሁ፤ የሱ ሲቀዘቅዝ እኔው እጠጣዋለሁ። ልክ ሠርቼ ልቤ እንዲህ መክበዱ ይገርመኛል።

ባልሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽንና ያንን ነገረኛ ወንድሟን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የሳቂታውን እናትም ሄደሽ ጠይቂልኝ፤ ስለ ቀሚሱ ግን እንዳትነግሪያቸው። «ልጅዎና ወንድሜ አንድ ቤት ናቸው» በያቸው። ውሸት የለበትም፤ ዛሬም አልጋችን ጎን ለጎን ነው።

ወንድምሽ
ከላውንድሪው ምድር ቤት፣ ሐሙስ ኅዳር 11፣ ካውያው እስኪግል