ክዳኑ ሲነሳ የሚዘጋው የቤቴ በር

ለክቡር ኢንጂነር ሀብተ ወልድ፣
የሠፈራችን ባዮጋዝ ፕሮጀክት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና ናቸው? የቤትዎ በርስ ደኅና ይከፈታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሲሆን፣ ቢሮዎ ድረስ ያልመጣሁት ከንቀት ሳይሆን በሩ እንቢ ስላለኝ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና የእጅ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አይፍረዱብኝ። መንገደኛው ሁሉ እንዲያነበው አንዱን ቅጂ ጎረቤቴ ማሂራ የግቢያችን መግቢያ ላይ ትለጥፍልኛለች።

ለመንገደኛው ስል ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ልክ ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ ጉድጓድ አስቆፍረው ገንዳ ሠሩልን። በገንዳው ውስጥ የጫት ገረባ፣ የሽንኩርት ልጣጭና ዕቃ ከሚያመላልሱት አህዮች የሚለቀም ፋንድያ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይብላላል፤ ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም ከላይ የተደፋውን ትልቅ የብረት ክዳን ቀስ እያለ ወደ ላይ ያነሳዋል። የግቢው ሰው በጋራው ማድ ቤት ምድጃ ሲለኩስ ጋዙ ይነድዳል፣ ክዳኑም ይወርዳል። ድንቅ ሥራ ነው። ብቻ ክዳኑ ሲሞላ ወገብ ድረስ ስለሚቆም፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው የቆርቆሮ በሬ እሱን ገጭቶ ይቀራል። በክፍተቱ ክንዴ ይወጣል፤ እኔ አልወጣም።

ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በግቢው ሰው ሁሉ ፊት «እትዬ ፋና ቅርብ ናቸው፣ ትጉም ናቸው» ብለው የገንዳው አማሳይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ለምን እንደሚማሰል ልጠይቅዎት ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ አምቦ ውሃ በብርጭቆ ቀድተው፣ ከሥር የምትነሳውን አረፋ በጣትዎ እየተከተሉ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ፈሳሹ ሲወፍር ትንንሾቹ የጋዝ አረፋዎች መሐል ላይ ተይዘው እንደሚቀሩ፣ ላዩ ቅርፊት ከሠራ ደግሞ ጨርሶ መውጫ እንደሚያጡ፣ ሲማሰል ግን እርስ በርስ ተገናኝተውና ተልቀው ወደ ላይ እንደሚወጡ ነገሩኝ። «ምስኪኖቹ መንገድ ይፈልጋሉ» ሲሉ ድምፅዎ ራሱ ራርቶ ነበር። ባሕር ማዶ ድረስ ሄደው የተማሩት ጋዝ ከፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። አሮጊት ከቤቷ እንዴት እንደምትወጣ የሚያስተምር ክፍል ስላልነበረ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እኔም ጠዋትና ማታ ከገንዳው ጎን የወጣውን የብረት እጀታ ሳዞር ከረምኩ። በተጋሁ ቁጥር ጋዙ ይበዛል፤ ጋዙ በበዛ ቁጥር በሬ ይዘጋል። እስረኛዋ ራሷ ቁልፉን የምታዞርበት ቤት ከዚህ ሌላ ካለ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ። አቤት ባልኩ ጊዜ ሁሉ መልስ ስላላጡልኝ። «በሩን ወደ ውስጥ የሚከፈት ያድርጉት» አሉኝ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ማጠፊያ ለማዞር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ቢገኝ ከበሩ ኋላ አልጋዬ አለ፤ አልጋዬ ቢወጣ የምተኛው ክዳንዎ ላይ ነው። «እንግዲያው ጋዙን ትንሽ ያስተንፍሱልኝ» ብል፣ የጋዙን ማስተንፈሻ ቁልፍ ኪስዎ ከተው፣ ይህ ጋዝ ሳይነድ ከተለቀቀ ሰማዩን እንደሚጎዳ አስረዱኝ። ሰማዩን ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ግን የብየዳ ሠራተኞች ይዘው መጡ። በመስኮቴ ፍርግርግ በኩል እያየሁ ስመርቅዎት ዋልኩ። ሥራው ሲያልቅ የማማሰያው እጀታ ተቀጥሎበት፣ ረዝሞ፣ በፍርግርጌ መካከል ወደ ቤቴ ገብቶ አገኘሁት። «ከእንግዲህ በሩ ባይከፈትም አይቸገሩም፤ ከአልጋዎ ሳይነሱ ያማስላሉ» አሉኝ። ሰው ለሰው ይህን ያህል ሲያስብ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ። ገንዳውን የሚጎበኙ እንግዶችዎን የሚያመጡት ክዳኑ እጅግ ከፍ ባለ ቀን ስለሆነ፣ ሁሉንም ከፍርግርጉ ኋላ ሆኜ ለመተዋወቅ በቅቻለሁ። አንዷ እጄን በብረቱ መሐል ጨብጣ «ደስተኛ ነዎት?» ስትል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «በጣም!» ብለው ስለመለሱልኝ ድካም ቀንሰውልኛል።

አራተኛ። ዘንድሮ የእኛ ዐቢይ ጾምና የነማሂራ ረመዳን አብረው ገቡ። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሙ እስከ ማፍጠሪያ ምድጃ የሚለኩስ የለም። ክዳኑ ሲነጋ ሞልቶ፣ ሞልቶ ይውላል። ሲኒማ ራስ አጠገብ ክርና መርፌ እሸጥ ነበር፤ አሁን በሬ የሚከፈተው መርካቶ ሲዘጋ ነው።

ይህንንም በቻልኩት ነበር። ማሚቱን ግን አያውቋትም። ፊደል አብረን የቆጠርን ጓደኛዬ ናት፤ «ተነሽ አንቺ፣ ዛሬ ‹ጸ›ን ነው የምንማረው» እያለች ከዚህ ቤት ጎትታ የምታወጣኝ እሷ ነበረች። በጾሙ መግቢያ አንድ ማለዳ የዕድሩ ለፋፊ ስሟን ጠራ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በሩን ገፋሁት፤ ክዳንዎ ቆሟል። በሩን በመዶሻ እንንቀለው ያሉ ነበሩ፤ የብረት ብልጭታ ጋዙን እንደሚያቀጣጥል በደንብ አስተምረውናልና ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ማሂራ ብቻ በጾም አፏ ምድጃውን ለኩሳ ማንም የማይጠጣውን ውሃ ትጥድ ጀመር።

«እትዬ ፋና፣ አንዱ ድስት ፈላ! እስቲ ይግፉት!»

«አልሆነም ልጄ!»

«ሌላ ጣድኩ፣ አይዞዎት!»

ውሃው ሲፈላ፣ ሲደፋ፣ እንደገና ሲጣድ፣ አስከሬኗ በግቢያችን ፊት አለፈ። ለቅሶውን በቆርቆሮው በኩል ሰማሁት። እኔም ከእጀታዎ ጎን ቆሜ ለብቻዬ አለቀስኩላት። በሩ ሲከፈት ሰዉ ቀብሯት ተመልሶ ንፍሮ ይዘግን ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሼ ማሙሸት ለምን ከቀብር እንደቀረሁ ጠየቁኝና «በሕመም የቀረ አውቃለሁ፣ በአራስነት የቀረች አውቃለሁ፤ በጋዝ የቀረ ግን የመጀመሪያዬ ነዎት» አሉ። የሳቀ ሳቀ። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ ያን ማታም አማሰልኩ፤ ማሂራ የምታፈጥርበት ሾርባ በምን ይፈላል ብዬ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። ሥራዎ ይስፋ፣ ገንዳዎ ይብዛ፤ ሁሉም ግን ከሰው ደጅ ራቅ ብሎ ይሁን። እርስዎን የመሰለ ለአረፋ የሚራራ ሰው ስለሰጠን አምላክን እያመሰገንኩ፣ ክዳኑ በወረደ ሰዓት ደጅ ወጥቼ እጅ ለመንሣት የምመኝ፣

የገንዳዎ አማሳይና የፍርግርጉ ነዋሪ፣
ፋና ዱባለ

ከተፈረመ በኋላ የተጨመረ፦ የማሚቱ የአሥራ ሁለተኛ ቀን መታሰቢያ ደርሷል፤ ጾሙም ገና አልወጣም። ማሂራ ትናንት ከሰል ገዝታ ገብታለች፤ «ሾርባው ባይደርስ በቴምር አፈጥራለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይውጡ» ብላኛለች። እጀታውን በአሮጌ መቀነት ከፍርግርጉ ጋር አስሬዋለሁ። እንዳስተማሩኝ ከሆነ ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ አረፋዎቹ ከሥር ተይዘው ይቀራሉ፣ ክዳኑም ዝቅ ይላል። ጋዙ ምን ነካው ብለው ሲመጡ በሬን ክፍት ያገኙታል፤ እኔ የማሚቱ መታሰቢያ ላይ ነኝ። መንገድ ያጡት ምስኪኖች ካሳዘኑዎት ይግቡና አልጋዬ ላይ ተቀምጠው እጀታውን ያዙሩላቸው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አላማስልም።