የደንገሉ መጋረጃ ተመልሷል

አሪፋ እህቴ፣

ዕቃሽን ልትወስጂ እንደምትመጪ ጎረቤታችን ፅጌ ማርያም ነግራኛለች። እኔ ማክሰኝት እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ።

ያንቺን የደንገል መጋረጃ «ይኼ የታንኳ ቁራጭ!» ብዬ ከመስኮቱ አውርጄ ቬንቲሌተር የገዛሁት እኔ ሊቋ፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብዬ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ከረምሁ። ለካ ቆጣሪ እያስሮጥሁ ሙቀት ሳማስል ነው የኖርሁት። አንቺ ተማርረሽ ከጋራ ቤታችን ከወጣሽ ወዲህማ እንደ ድንች ተቀቅያለሁ።

መጋረጃውን መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ትንሽ ተንጋዷል።
ቀን ቀን ውኃ እርጪበት፤ የሚገባውን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። ሲመሽ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ክፈቺው። በዚያ ሌባ ቢገባ ቬንቲሌተሩን ይዞልኝ ይሂድ።

ሻንጣሽን ግን ደብቄዋለሁ።

ሰብለ